ሥዕልን ከመደቡ ስለ መለየት፤ በጁባ ለተሰበሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት እጅግ ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በኮምፒዩተር ያለን ሥዕል ከነጭ መደቡ ለይቶ መደቡን እንደ መስተዋት ብርሃን አሳላፊ ማድረግ፥ ይህንንም ሥራ በእጅ ከመድከም ይልቅ አንድ ጊዜ በተጻፈ ትእዛዝ መፈጸም ነው። ነገር ግን ትንሽ የሚመስለው ነገር የመምህሩን ማታ የሚበላ፥ የተማሪውንም ዐይን የሚያሳስት ሲሆን፥ በመምህራን ፊት ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ በዚህ አገር ከተነሣ ብዙ ዘመን ነው። ከጁባ በስተ ደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በረጃፍ በ1928 ዓ.ም. ትልቅ የቋንቋ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ያ ጉባኤ ባሪ፥ ዲንቃ፥ ክሬሽ፥ ኑዌር፥ ሺሉክና ዛንዴ የሚገኙባቸውን ቋንቋዎች ለትምህርት ቤት መጽሐፍ መረጠ፤ ስለ አጻጻፋቸውም ተነጋገረ። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ደግሞ ሕገ መንግሥቷ እንግሊዝኛን የሥራና የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ፥ ነባሮቹን ቋንቋዎች ሁሉ ብሔራዊ ቋንቋዎች ናቸውና ይከበሩ፥ ይዳብሩም ብሏል። እነዚህ ቋንቋዎች ከስድሳ በላይ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው በሥዕል የተዋበ መጽሐፍ አትሞ ማቅረብ ግን በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። በባሮ ማዶም በጋምቤላ ለኑዌርና ለአኝዋ ልጆች በቋንቋቸው የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ያው ችግር አለባቸው። ስለዚህ መጽሐፉ እስኪደርስ ድረስ ገጹን የሚያዘጋጀው መምህሩ ራሱ ነው። ላሙን ከአንድ ወረቀት፥ ዓሣውን ከሌላው፥ ታንኳውን ከተማሪው ደብተር አንሥቶ፥ ከሥሩ ስሙን ጽፎ ያባዛል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በወረቀት የተሳለች ላም በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥታ ወደ ገጹ ስትመጣ ብቻዋን አትመጣም፤ የተሳለችበትን ነጭ ወረቀት አራት ማእዘን ይዛ ትመጣለች። ያም ነጭ ነገር ከጎኗ ያለውን ፊደል ይሸፍናል፤ በካርታ ላይ ብናስቀምጣት ወንዙንና መንገዱን ይደፍናል። በዕድሜ የበለጣችሁን ባልደረቦች የማባዣ መኪናውንና እስቴንስሉን ታስታውሳላችሁ። በሰም የተቀባው ወረቀት ሹል ብረት በነካው ቦታ ላይ ቀለም ያሳልፋል፤ ባልነካው ቦታ ላይ ይከለክላል። ዛሬ የምንነጋገርበትም ጥበብ ከዚያ የራቀ አይደለም፤ የቱ ይታይ፥ የቱ ይለፍ ብሎ መወሰን ነው።

ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚያውቀው በነጥቦች ነው። ቁመቱ 800፥ ወርዱ 1,000 ነጥብ የሆነ ሥዕል 800,000 ነጥቦች አሉት። በብዙው ዘንድ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል፤ እነርሱም የቀይ፥ የአረንጓዴና የሰማያዊ ልክ ሲሆኑ ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ነጥቡ ጥቁር፥ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለኮምፒዩተሩ ነጭ ማለት ቀለም ነው እንጂ ባዶነት አይደለም። ባዶነትን ለመናገር አራተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ይህም አልፋ ይባላል። አልፋው 0 የሆነ ነጥብ ፈጽሞ አይታይም፤ 255 የሆነው ፈጽሞ ይሸፍናል፤ በመካከል ያለው እንደ ስስ ነጠላ በከፊል ያሳያል። ይህን አሳብ በ1977 ዓ.ም. ግድም ያወጡት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል ናቸው፤ በ1984 ዓ.ም. ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ ሥዕል በሥዕል ላይ የሚደራረብበትን ሥርዐት በሒሳብ ጻፉለት።

የሥዕል ፋይሎችም በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ጄፔግ የሚባለው ፎቶግራፍን አሳንሶ ለመያዝ እጅግ የተመቸ ነው፤ ለአራተኛው ቁጥር ግን ስፍራ የለውም። ጊፍ በ1989 ዓ.ም. በወጣው ደንቡ አንድ ቀለም እንዲታለፍ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ነጥቡ ወይ ይታያል ወይ አይታይም፤ መካከለኛ አያውቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ፒኤንጂ ግን የአልፋን ደረጃ ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ መደቡ የተነሣለትን ሥዕል በጄፔግ መልሶ የሚያስቀምጥ ሰው ውሃ በወንፊት እንደ ቀዳ ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ቅንጥብ ሰሌዳው ልናገር። ከአንድ ገጽ የገለበጥነው ነገር በሌላው ላይ እስክንለጥፈው ድረስ ኮምፒዩተሩ የሚያቆይበት ስፍራ ቅንጥብ ሰሌዳ ይባላል። ቆርጦና ገልብጦ መለጠፍን በዛሬው መልኩ ያስለመዱት በ1970ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ይሠሩ የነበሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው። ይህ ሰሌዳ በልማዱ የሚይዘው የመጨረሻውን ነገር ነው፤ አዲስ ሲገባ የቀድሞው ይወጣል።

ያለ ትእዛዝ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ እንቊጠር። መምህሩ ሥዕሉን ይገለብጣል፤ የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ይከፍታል፤ ይለጥፋል፤ አልፋ ይጨምራል፤ ነጩን ይመርጣል፤ ይሰርዛል፤ በፒኤንጂ ያስቀምጣል፤ ወደ ገጹ ይመለሳል። አንዱ ሥዕል 3 ደቂቃ ቢፈጅ 40 ሥዕሎች 120 ደቂቃ፥ ማለት 2 ሰዓት ይፈጃሉ። በየሳምንቱ ይህን ያህል ቢያዘጋጅ በ12 ሳምንት 24 ሰዓት ሆነ። ይህ ሰዓት የተማሪ ደብተር ሊታረምበት ይችል የነበረ ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ በማመንጫ ሞተር ወይም በፀሓይ ለሚገኝበት ቤት ደግሞ ሰዓቱ ነዳጅ ነው።

ስክሪፕት የሚባለው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ይህን ሰንሰለት አንድ ቁልፍ በመጫን እንዲፈጸም ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ፒሎው የተባለው የሥዕል መሣሪያው ይበቃሉ። በ1987 ዓ.ም. ጆን ክሪስቲ መሥራት የጀመረው፥ በ1990 ዓ.ም. ለሕዝብ በነፃ የተለቀቀው ኢሜጅማጂክም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ ያለ ገንዘብ ይገኛሉ። የትእዛዙ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ በቅንጥብ ሰሌዳው ላይ ሥዕል መኖሩን ይመርምር፤ ጽሑፍ ብቻ ካገኘ መልእክት ሰጥቶ ይቁም። ሁለተኛ ለእያንዳንዱ ነጥብ አራተኛውን ቁጥር 255 አድርጎ ይጨምር። ሦስተኛ የአራቱን ማእዘን ቀለም አይቶ መደቡ ምን ዐይነት ቀለም እንደ ሆነ ይወቅ። በስልክ የተነሣ ነጭ ወረቀት እንደ አሳባችን 255 አይሆንም፤ 247፥ 244፥ 236 ሊሆን ይችላል፤ ጥላ ባጠላበት ጥግም ከዚያ ይወርዳል። አራተኛ ስለዚህ የልዩነት ገደብ ይሰጠው፤ ለምሳሌ ከመደቡ ቀለም በ20 የማይርቅ ነጥብ ሁሉ እንደ መደብ ይቈጠር። አምስተኛ የመደቡን ነጥቦች አልፋ 0 ያድርግ። ስድስተኛ ውጤቱን በፒኤንጂ በፋይል ያስቀምጥ፤ ወደ ሰሌዳውም ይመልስ። ለመመለሱ እንደ ኮምፒዩተሩ ዐይነት ተጨማሪ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በሊኑክስ ለምሳሌ ኤክስክሊፕ የሚባለው ይገኛል። በፋይልም ማስቀመጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አንዳንድ ፕሮግራሞች ከሰሌዳው ሲቀበሉ አልፋውን ትተው መደቡን ጥቁር አድርገው ስለሚለጥፉት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ትእዛዙ የተሳሳተ መስሎት ይደክማል፤ ፋይሉን ቢያስገባ ግን ሥዕሉ እንደ ተፈለገው ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ መኪናው አገልጋያችን ነው። አሁን ግን የመምህሩ አእምሮ ወደሚፈለግበት እንምጣ፤ የንግግሬም ፍሬ ይህ ነው። ትእዛዙ ነጭን ያውቃል እንጂ የነጭን ትርጕም አያውቅም።

የደቡብ ሱዳንን አርማ ተመልከቱ። በአርማው ላይ ያለው ወፍ ዓሣ አጥማጁ ንስር ነው። የዚህ ንስር ፎቶግራፍ ከነጭ ወረቀት ላይ ተወስዶ «ነጩን ሁሉ አንሣ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥበት ምን ይሆናል? የንስሩ ራስና ደረት በተፈጥሮ ነጭ ናቸው፤ ስለዚህ ራስ የሌለው ንስር ይወጣል። በተረከካ አካባቢ የሙንዳሪ ከብት አርቢዎች የሚኮሩበት ነጭ በሬም እንዲሁ ቀንዱና ሰኮናው ብቻ ቀርቶ አካሉ ይጠፋል። ለከብት መልክ የረቀቀ ስም ያላቸውን የእነዚህን ሕዝቦች ልጅ ቀለም የሌለው በሬ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ትምህርቱን በመሳቂያ መጀመር ነው።

ለዚህ መድኀኒቱ ትእዛዙ ነጩን በያለበት ከማንሣት ይልቅ ከዳር ጀምሮ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ውሃ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ቢፈስ ነጩን እየተከተለ ይሄዳል፤ የበሬው መስመር ሲያግደው ይቆማል። በመስመሩ ውስጥ ያለው ነጭ ሳይነካ ይቀራል። ሆኖም መስመሩ በአንድ ቦታ ቢበጠስ፥ ከብት በፈረሰ አጥር እንደሚገባ ሁሉ ውሃውም ይገባል። ስለዚህ ተማሪ የሳለውን ሥዕል ከማንሣታችን በፊት የተበጠሰውን መስመር በእርሳስ መግጠም ይገባል።

ይህም ዘዴ ቢሆን የማያድንበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ሆኖ በመካከሉ ሰማያዊ ክብ አለው፤ ነጭ የለበትም። ትእዛዙን አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሰንደቅ ዓላማ የፈተነ ሰው ምንም ጕድለት ሳያገኝ ደስ ብሎት ይሄዳል። የደቡብ ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ግን ጥቁር፥ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ በመካከላቸው ሁለት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አሉት። መስመሮቹም በአንድ ወገን እስከ ሰማያዊው ሦስት ማእዘን ሲደርሱ፥ በሌላው ወገን እስከ ሰንደቁ ጫፍ ድረስ ክፍት ናቸው። በነጭ ወረቀት ላይ ቢሆን ከዳር የሚፈሰው ውሃ በነዚያ ክፍት ጫፎች ገብቶ ሁለቱንም መስመሮች ይጠርጋል። ነጩ መስመር ደግሞ የሰላም ምልክት ነው። ብዙ ደም በፈሰሰበት አገር የሰላሙ መስመር የጠፋበትን ሰንደቅ ዓላማ በሕፃናት ፊት መስቀል ለመምህር እንዴት ያለ ነውር እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥዕሉን እስከ ሰንደቁ ጠርዝ ድረስ መቊረጥና ትእዛዙን ፈጽሞ አለመጠቀም፤ ወይም በዙሪያው ቀጭን ጥቁር መስመር ማስመር። ነገር ግን ቀላሉን መፍትሔ የሚያስገኘው መጀመሪያ ያየ ዐይን ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ፊደል ነው። ብዙዎች ከመደቡ ጋራ በወረቀቱ ላይ የተረጩትን ጥቃቅን ነቍጦች እንዲያጠፋ ትእዛዙን ያዝዙታል። ነገር ግን የዲንቃ ቋንቋ ሲጻፍ በአናባቢው ፊደል ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች አሉ፤ እነርሱም በትንፋሽ የሚነገረውን ድምፅ ከሌላው ይለያሉ፤ ቃልን ከቃልም የሚለዩበት ጊዜ አለ። የጽዳቱ ትእዛዝ እነዚህን ነጥቦች እንደ እድፍ ቈጥሮ ሲያጠፋ ቃሉን ሌላ ያደርገዋል። እኛም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። በእርሳስ በስሱ የተጻፈ ሸ የራስ መስመሩ ቢደበዝዝ ሰ ሆኖ ይቀራል፤ ቸም ተ ይሆናል፤ ሁለት ነጥባችንና ዐራት ነጥባችንም ከእድፍ ጋራ ይጠረጋሉ። እንግዲህ ጽሑፍ ባለበት ሥዕል ላይ የጽዳቱ ትእዛዝ መዘጋት አለበት።

ለቀለም እስክርቢቶና ለእርሳስ ሥዕል ከሁሉ የሚሻል ሌላ መንገድ አለ። ነጩንና ጥቁሩን በገደብ ከመለየት ይልቅ የነጥቡን ብርሃን ከ255 ቀንሶ ቀሪውን አልፋ ማድረግ፥ ቀለሙንም በሙሉ ጥቁር ማድረግ ነው። ነጩ ወረቀት 255 ሲሆን አልፋው 0፤ ጥቁሩ መስመር 0 ሲሆን አልፋው 255፤ በመስመሩ ዳር ያለው ግራጫ 128 ሲሆን አልፋው 127 ይሆናል። በዚህ መንገድ መስመሩ ከነልስላሴው ይቀራል፤ በቀለማት ካርታ ላይ ሲቀመጥም በዙሪያው የሚታየው ነጭ ቅርፊት አይኖርም። ለንስሩ ፎቶግራፍ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ ለሁሉ አይበቃም፤ ለመስመር ሥዕል አንድ ቁልፍ፥ ለቀለም ሥዕል ሌላ ቁልፍ ይሰጥ።

የተማሪ መታወቂያ ፎቶግራፍም በዚሁ አሳብ ሊታይ ይገባል። ልጁን በጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁመን ብናነሣው፥ መደቡን ጥቁር ነው ብሎ የሚያነሣ ትእዛዝ ጠጕሩንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከልጁ ጠጕር፥ መልክና ልብስ የተለየ ቀለም ያለው ጨርቅ ከኋላው ይሰቀል፤ ብርሃንም ከፊት ለፊት እኩል ይውደቅበት። ዛሬ የሰውን ቅርፅ ለይተው የሚያወጡ የተማሩ ፕሮግራሞች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ የሚገምቱ ናቸውና ሥራቸውን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ያሉ ናቸው፤ ሥዕሉን ወደ ሌላ አገር ኮምፒዩተር ልከን ተሠርቶ ይመለስልናል። መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የሕፃን ፊት የትምህርት ቤት ንብረት አይደለም፤ ወላጅ ለመታወቂያ ብሎ የሰጠንን ፎቶግራፍ ለማናውቀው ሰው መላክ አደራ ማጕደል ነው። በየቤታቸው ሸሽተው የመጡ ልጆችን ለምናስተምር ለኛ ይህ የቃል ጌጥ አይደለም፤ የት እንዳሉ እንዲታወቅባቸው የማይፈልጉ ወላጆች አሉ። በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ትእዛዝ ግን ሥዕሉን ከክፍሉ አያወጣውም።

ለትምህርት ሹማምንት ደግሞ ለብቻ የምናገረው አለኝ። ይኸው ትእዛዝ የርእሰ መምህሩን ፊርማና የትምህርት ቤቱን ክብ ማኅተም ከወረቀት ላይ አንሥቶ በፈለጉት ወረቀት ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሥራን የሚያፋጥን ይመስላል፤ ነገር ግን የሐሰት ማስረጃ የሚያወጣ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መደቡ የተነሣለት ማኅተም በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ መገኘት የብረቱን ማኅተም ከነቀለሙ በአደባባይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ስለዚህ የምስክር ወረቀት በእጅ ይፈረም፤ በእጅም ይታተም። በዚህ ነገር ላይ መዘግየት ከመፍጠን ይሻላል።

በመጨረሻም ሦስት ነገሮችን ላሳስብ። የመጀመሪያው፥ የትእዛዙ ጽሑፍ ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ ምን እንደሚሠራ በቀላል ቃል የተጻፈ ማብራሪያ አብሮት ይሂድ፤ ጸሐፊው ሌላ ቦታ ቢዛወር ዕውቀቱ አብሮ እንዳይዛወር። ሁለተኛው፥ ዋናው ሥዕል ፈጽሞ አይሰረዝ፤ ትእዛዙ ሁልጊዜ አዲስ ፋይል ያውጣ እንጂ በቀድሞው ላይ አይጻፍ። ሦስተኛው፥ ማንኛውም ትእዛዝ ለሥራ ከመዋሉ በፊት በአምስት ሥዕሎች ይፈተን፤ በነጭ በሬ፥ በዓሣ አጥማጅ ንስር፥ በደቡብ ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ፥ ነጥብ ባለው የዲንቃ ጽሑፍና በስስ እርሳስ በተጻፈ አማርኛ። ውጤቱም በነጭ ገጽ ላይ አይታይ፤ በነጭ ላይ ጕድለቱ ሁሉ ይሸሸጋልና። በቀይ ወይም በአረንጓዴ መደብ ላይ ተቀምጦ ይመርመር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መኪናው ፍጥነትን ይሰጠናል፤ የሚጣለውንና የሚጠበቀውን ለመለየት ግን ልጆቹን፥ ቋንቋቸውንና አገራቸውን የሚያውቅ መምህር ያስፈልጋል። በትእዛዙ ያተረፍነውን ሁለት ሰዓት ከገጹ ፊት ተቀምጠን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ብናውል፥ የቀረውንም ለደብተር ማረም ብናውለው፥ የተገኘው ትርፍ እውነተኛ ትርፍ ይሆናል።